ዲቪዲ ማጫወቻን ከባለ 5.1 ሆም ቴአትር ጋር ማገናኘት

ማጫወቻውንም ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ ያለው) ሆም ቴአትሩንም ከሶኬት ንቀሉ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ እንዳይቃጠል ስታብላይዘር ቢኖር ይመረጣል።

ብዙ ሰው ቀይና ነጩን ጃክ ብቻ ይሰካና የኋላ ስፒከሮቹ ዝም ሲሉ ተበላሹ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስዳቸዋል። ስፒከሮቹ ደህና ናቸው፤ እነዚህ ጃኮች የሚያስተላልፉት ሁለት ቻናል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው።

ሆም ቴአትሩ ከጀርባው ኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን የሚቀበል) ወይም ኮአክሲያል (በኤሌክትሪክ ገመድ የሚቀበል) ዲጂታል መግቢያ ካለው አንድ ገመድ ይበቃል። የኦፕቲካሉን ጫፍ የሸፈነችውን ትንሽ ፕላስቲክ አውጡ፣ ገመዱንም አትጠፉት፤ ውስጡ ከተሰበረ ድምፅ የለም። አንዱ ጫፍ ማጫወቻው ላይ ተሰክቶ ማጫወቻው ሲበራ በነፃው ጫፍ ቀይ ብርሃን ይታያል። ከዚያ ሴትአፕ (የማጫወቻው ማስተካከያ ሜኑ) ገብታችሁ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን ከፒሲኤም (PCM) ወደ ሮው (RAW) ወይም ቢትስትሪም (Bitstream)፣ ማለትም የዲስኩን ድምፅ እንዳለ ወደሚልከው ቀይሩ። ይህ ከተረሳ ገመዱ ትክክል ሆኖም ድምፁ ሁለት ቻናል ሆኖ ይቀራል።

ዲጂታል መግቢያ ከሌለው ስድስት ጃክ ያስፈልጋል፦ የፊት ግራና ቀኝ፣ የኋላ ግራና ቀኝ፣ የመሀልና የቤዝ። ማጫወቻውም ስድስቱ መውጫዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ሴትአፕ ውስጥ ዳውንሚክስን (ስድስቱን ቻናል ወደ ሁለት የሚያጠቃልለውን) አጥፉ።

የስፒከር ገመድ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይግባ፤ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል። ቪሲዲ ግን ሲቀዳም በሁለት ቻናል ስለሆነ፣ መሞከሪያችሁ ባለ 5.1 ዲቪዲ ይሁን።