ጎንደር ካለው ሣጥን መነሣት፦ በባሕር ዳር ላለ መሥሪያ ቤት የሊኑክስና የቴፕ ባክአፕ አዘረጋግ

ባክአፕ ሲታቀድ ከመጨረሻው መጀመር ይሻላል። ሰርቨር ሩሙ ተቃጥሏል ወይም ውሃ ገብቶበታል እንበል። ጎንደር ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ ካለ ሣጥን ብቻ ተነሥቶ ሥራውን ለማስቀጠል ሣጥኑ ውስጥ ምን ሊኖር ይገባል? አራት ነገር፦ ቴፑ፣ ቴፑ ላይ ምን የት እንዳለ የሚናገረው ካታሎግ፣ የሶፍትዌሩ ኮንፊግ፣ ዳታው ከተመሰጠረም ቁልፉ (እሱ በዚያው ካዝና፣ በተለየ ፖስታ)። አንዱ ከጎደለ የቀሩት ብዙም አይረዱም። እዚህ የምናሳየው አሠራር አራቱም በየሳምንቱ ከሕንፃው እንዲወጡ የሚያደርግ ነው።

ሶፍትዌሩ ባሪዮስ ነው፤ በፈረንጅ 2010 ባኩላ ከተባለው የባክአፕ ሶፍትዌር የተገነጠለ፣ ያለ ክፍያ የሚጫን፣ ካታሎጉን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚይዝ። ለምሳሌ የወሰድነው 1.5 ቴራባይት ዳታ ያለው፣ በቀን 15 ጊጋባይት ያህል የሚለወጥበት መሥሪያ ቤት ነው። የፕሮግራሞቹንና የትእዛዞቹን ስሞች እዚህ በፊደላችን ብንጽፋቸውም ኮንፊግ ውስጥ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ዕቃው

ለዚህ መጠን የኤልቲኦ 7 ድራይቭ (የሰባተኛው ትውልድ ቴፕ ማንበቢያና መጻፊያ) ይበቃል። አንድ ካርትሪጅ 6 ቴራባይት ይይዛል። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚታየው 15 ቴራባይት ዳታው 2.5 እጥፍ ቢታመቅ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ ስካን የተደረገ ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ግን ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይታመቅም። ስለዚህ ሒሳብዎን በ6 ያድርጉ። ያገለገለ ድራይቭ የሚገዙ ከሆነ ትውልዱን ይጠንቀቁ፦ ኤልቲኦ 8 የ7ን ካርትሪጅ ያነባል፣ ይጽፋልም፤ የ6ን ግን አያነብም። ኤልቲኦ 9 ደግሞ ከ8 ወደ ኋላ አይሄድም።

ድራይቩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው የኤስኤኤስ ካርድ ተራ ኤችቢኤ (ያለ ሬይድ ዝም ብሎ የሚያገናኝ ካርድ) ይሁን። ብዙ የሬይድ ካርዶች (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያስተዳድሩት) ዲስክ እንጂ ቴፕ አያሳልፉም፤ ድራይቩ መብራቱ በርቶ ሊኑክስ ግን አያየውም። ኬብል ከአዲስ አበባ ከማዘዝዎ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ያረጋግጡ፤ የድራይቩ ማገናኛ ኤስኤፍኤፍ 8088 ሆኖ የካርዱ ኤስኤፍኤፍ 8644 መሆኑ የተለመደ ነው፣ እንዲህ ከሆነ ጫፍና ጫፉ የተለያየ ኬብል ያስፈልጋል።

ካርትሪጅ 20 ይግዙ፦ 5 ለሳምንታዊ፣ 13 ለወርኃዊ፣ 2 ለበጀት ዓመት መዝጊያ። አንድ ማጽጃ ካርትሪጅም ይጨምሩ። ማጽጃው እስከ 50 ጊዜ ያገለግላል፤ ድራይቩ በመብራቱ ሲጠይቅ ብቻ ያስገቡት። የማጽጃው ቴፕ ሻካራ ስለሆነ «ለማንኛውም» ተብሎ በየሳምንቱ ማጽዳት ሄዱን (ቴፑን የሚያነበውንና የሚጽፈውን የድራይቩን ክፍል) ይበላዋል።

እርጥበትና ውሃ

ኤልቲኦ ካርትሪጅ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ሙቀቱ ባሕር ዳር ላይ ቀላል ነው። እርጥበቱ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከልኩ ያልፋል፤ ጣና ዳር ያለ ክፍል ደግሞ ይብሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ክዳኑ ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄልና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ውስጡ ይግባ። ሲሊካው ቀለሙ ሲለወጥ በምድጃ ይድረቅና ይመለስ። ካርትሪጆቹ በጎናቸው አይተኙ፤ እንደ መጽሐፍ ይቁሙ። ከሌላ ከተማ የመጣ ካርትሪጅ ድራይቭ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ጤዛ የያዘ ቴፕ ሄዱ ላይ ይጣበቃልና።

ሐይቁ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረም አካባቢ ነው። ሰርቨሩ ምድር ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ዕቃ ከወለል ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይነሣ፤ የቴፕ ሣጥኑ ግን ፎቅ ላይ ይሁን። ከሕንፃ ሕንፃ የሚሄደው የኔትወርክ መስመር የመዳብ ሳይሆን የፋይበር ይሁን፤ የከሰዓት መብረቅ በመዳቡ ገብቶ ስዊቹንም ሰርቨሩንም ይዞ ይሄዳል።

አጫጫን

ባሪዮስ ሦስት ክፍል አለው። ዳይሬክተሩ ያዛል (ፖርት 9101)፣ በየሰርቨሩ የሚጫነው ክላየንት ፋይሉን ያነባል (9102)፣ ስቶሬጁ ቴፑ ላይ ይጽፋል (9103)። ክላየንቱ ዳታውን የሚልከው በዳይሬክተሩ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለስቶሬጁ ነው። ስለዚህ በዳይሬክተሩ ኮንፊግ ውስጥ የስቶሬጁ አድራሻ «ሎካልሆስት» ተብሎ ከቀረ ክላየንቱ ስቶሬጁን የሚፈልገው ራሱ ላይ ነው። የባክአፕ ሰርቨሩ የራሱን ፋይል በደንብ እየወሰደ ሌሎቹ ሁሉ እምቢ ካሉ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሊኑክስ ለአንድ ቴፕ ድራይቭ ሁለት ስም ይሰጣል፦ ኤስቲ እና ኤንኤስቲ። ኤስቲ በተዘጋ ቁጥር ቴፑን ወደ መጀመሪያው ይጠቀልላል፤ ቀጣዩ ጽሑፍም በፊተኛው ላይ ያርፋል። ኮንፊግ ውስጥ የሚገባው ኤንኤስቲ ነው። ቁጥሩንም አይመኑት፤ ሁለት ድራይቭ ካለ ሰርቨሩ ሲነሣ 0 እና 1 ሊቀያየሩ ስለሚችሉ የመለያ ቁጥሩን የያዘውን፣ «ባይ-አይዲ» በሚለው ማውጫ ሥር ያለውን ስም ይጠቀሙ። ከዚያ ባዶ ካርትሪጅ አስገብተው በባሪዮስ የቴፕ መፈተሻ፣ በቢቴፕ ይፈትሹ። ቢቴፕ ቴፑ ላይ ስለሚጽፍ ዳታ ያለበት ካርትሪጅ ፈጽሞ አይግባ። ሙሉውን ካርትሪጅ የሚሞላው ፈተና በሰከንድ 300 ሜጋባይት ቢሄድ 5 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አንዴ ብቻ ነውና ይታገሡት።

የድራይቩ ፍጥነት ግን ራሱ ችግር ያመጣል። የ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ቢበዛ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያደርሰው። ድራይቩ ዳታ ሲያጥረው ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆንና ቴፑም ሄዱም ያልቃሉ። ስለዚህ ስፑል ይክፈቱ፦ ዳታው መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ወደ ቴፑ ይወርዳል። 400 ጊጋባይት ለስፑል ብቻ ይመድቡ። ከስርዓተ ክወናው ዲስክ ጋር አያጋሩት፤ ሲሞላ ሰርቨሩን ያቆመዋል። በዚህ አሠራር 1.5 ቴራባይት ለመሰብሰብ 4 ሰዓት ያህል፣ ለማውረድ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ይወስዳል። ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ከዚህም ይዘገያል።

መቼ ምን ይወሰድ

እዚህ ላይ ሁለት የእኛ ሀገር ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዲጀምር የታሰበ ሥራ ኮንፊግ ውስጥ 23 ተብሎ መግባት ሲገባው 5 ከተባለ የሚነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ ሲገባም ገና አላለቀም፣ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛው የበጀት ዓመት ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ደግነቱ ሰኔ 30 ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ የጳጉሜን 6 የሚያዛባው ከመስከረም እስከ የካቲት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የዓመት መዝጊያው ሥራ «ጁላይ 7፣ 23 ሰዓት» ተብሎ አንዴ ይጻፋል። ሒሳብ ክፍል መዝገቡን ዘግቶ ሲጨርስ በሁለተኛው ካርትሪጅ በእጅ አንድ ይደገም።

ሳምንታዊው ሙሉ ባክአፕ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተለወጠው ብቻ በዚያው ቴፕ ላይ ይቀጥል። ወርኃዊው በመጀመሪያው እሑድ ይሁን። ወርኃዊውን ግን በሌላ የሥራ ስም ይፍጠሩት። ባሪዮስ «ከመቼ ወዲህ የተለወጠ?» ሲል የሚያመሳክረው በዚያው ስም የተወሰደውን የመጨረሻ ሙሉ ባክአፕ ነው፤ ስሙ አንድ ከሆነ የሰኞው ባክአፕ መሠረቱን እሑድ ወደ ጎንደር ሊሄድ በተዘጋጀው ቴፕ ላይ ያደርጋል። አንድ ፋይል ለመመለስ ጎንደር ድረስ መላክ ሊመጣ ነው። የሚወሰዱትን ማውጫዎች ዝርዝር ሲነኩም ይጠንቀቁ፦ ዝርዝሩ ከተለወጠ ቀጣዩ ትንሽ ባክአፕ በራሱ ወደ ሙሉ ይለወጣል።

የካርትሪጁ የአጠቃቀም ጊዜ (ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ ሊጻፍበት የሚችልበት) 6 ቀን ከ12 ሰዓት ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ የተከፈተ ቴፕ በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት ይዘጋል። 7 ቀን ቢባል በደቂቃዎች ልዩነት አዲሱ ሙሉ ባክአፕ በአሮጌው ካርትሪጅ ላይ ተከትሎ ይጻፋል። የማቆያ ጊዜው (የተጻፈው ሳይደመሰስ የሚጠበቅበት) 27 ቀን ይሁን። 5 ካርትሪጅ በ35 ቀን አንድ ዙር ይጨርሳል፣ የአንዱ የመጨረሻ ጽሑፍ ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ተራው ሲደርስ 28 ቀን አልፎታል። 30 ቀን ቢደረግ ቅዳሜ ማታ ሥራው «ቴፕ ስጡኝ» ብሎ እስከ ሰኞ ይቆማል። ይህን ቁጥር በኋላ ኮንፊግ ውስጥ ቢቀይሩት ቀድሞ የተመዘገቡ ካርትሪጆች አይሰሙም፤ በቢኮንሶል (በባሪዮስ የትእዛዝ መስጫ) ከፑሉ (ከካርትሪጆቹ ምድብ) እንዲያድሱ ማዘዝ ያስፈልጋል። የወጣውን ካርትሪጅ ጠርዙ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ወደ ቁልፉ ምልክት ይግፏት፤ በስህተት ቢመለስ እንኳ አይጻፍበትም። ከማሽኑ የወጣን ቴፕ ቫይረስም አይደርስበትም።

የዳታቤዝ ፋይሎችን እየሠሩ ሳለ በቀጥታ መቅዳት ዋጋ የለውም፤ ግማሹ የአሁን፣ ግማሹ ከደቂቃዎች በፊት ይሆናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሚነሣ ስክሪፕት ደምፕ (የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ በፋይል) ያውጡ፤ ፖስትግሬስ በፒጂደምፕ፣ ማይኤስኪውኤል (ሰንጠረዦቹ ኢኖዲቢ ከሆኑ) «ሲንግል ትራንዛክሽን» በሚለው አማራጭ። ስክሪፕቱ ደምፑን በፓይፕ ወደ ጂዚፕ (ማመቂያው) የሚያስተላልፍ ከሆነ ፓይፕፌል የሚለው ይጨመርበት። አለዚያ ደምፑ ከመሃል ቢቋረጥም ጂዚፕ «ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ባሪዮስም አምኖ ጎዶሎ ፋይል ለወራት ሲያስቀምጥ ይኖራል።

ካታሎጉ

ሌላው የባክአፕ ሶፍትዌር፣ የአይቢኤም ስቶሬጅ ፕሮቴክት፣ ካታሎጉን በዲቢ2 ዳታቤዝ ይይዛል፤ ያ ዳታቤዝ ያለ ባክአፕ ከጠፋ ከቴፖቹ ላይ መልሶ መገንባት አይቻልም። ባሪዮስ በዚህ ይሻላል፣ ቢስካን የተባለው መሣሪያው ቴፑን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ካታሎጉን ይሠራል። ነገር ግን በ20 ካርትሪጅ የቀናት ሥራ ነው፤ ተስፋዎን እዚያ ላይ አይጣሉ።

የካታሎጉ ደምፕና የኮንፊግ ማውጫው በየሌሊቱ ከሌሎቹ ሥራዎች በኋላ ይወሰድ። ቀዳሚነቱ 11፣ የሌሎቹ 10 ይሁን፤ ትልቁ ቁጥር ኋላ ይሄዳል። ደምፑ ቴፑ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚናገረው ትንሽ የቡትስትራፕ ፋይል ግን ከሰርቨሩ ይውጣ፦ በኢሜይልም ይላክ፣ ከሳምንቱ ቴፕ ጋር በሚሄድ ፍላሽም ይቀመጥ። በኪሎባይት የሚለካ ፋይል ነው፤ ያለሱ ግን ካታሎጉን ለማግኘት ካታሎግ ያስፈልጋል። የማመስጠሪያ ቁልፉ ታትሞ በታሸገ ፖስታ፣ በዚያው ካዝና ግን ከቴፑ ሣጥን ተለይቶ ይቀመጥ።

መብራት በመሃል ሲጠፋ ካታሎጉ ያወቀውና ቴፑ ላይ ያለው የፋይል ብዛት ይለያያል፤ ባሪዮስም ያን ካርትሪጅ ስህተት ብሎ ይዘጋዋል። ቀድሞ የተጻፈው አሁንም ይነበባል፤ አይደምስሱት፣ በሌላ ካርትሪጅ ይቀጥሉ። ድራይቩም ሰርቨሩም ስዊቹም በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፣ ዩፒኤሱን የሚከታተለው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ይጫን፣ ባትሪው 10 ደቂቃ ሲቀረው ሥራውን አቁሞ ያጥፋ። ጀነሬተር ቢኖርም ይህ አይቅር።

ሪስቶር

የባሪዮስ ሪስቶር (ዳታውን ከቴፕ መመለሻው) ቦታ ሳይነገረው የሚያወርደው ወደ ጊዜያዊ ማውጫው ነው። 300 ጊጋባይት እዚያ ሲወርድ የሰርቨሩ ዋና ዲስክ ይሞላል፤ ሁልጊዜ ሰፊ ዲስክ ላይ ያለ ቦታ ይስጡት። የፋይል ስም በአማርኛ በሚጻፍበት መሥሪያ ቤት ሌላም አለ። ሊኑክስ ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፣ የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው፣ ስለዚህ ገደቡ 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ ግን 255 ፊደል ይቀበላል። ረጅም ርዕስ ያለው ደብዳቤ ከዊንዶውስ ማሽን ተወስዶ ሊኑክስ ላይ ሲመለስ «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውን ዊንዶውስ ላይ ይመልሱት።

በየወሩ አንድ ማውጫ መልሰው ቼክሰሙን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር) ከዋናው ጋር ያመሳክሩ፤ ደምፑንም ባዶ ዳታቤዝ ላይ ጭነው የመጨረሻውን ቀን መዝገቦች ይቁጠሩ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሙሉውን፦ ባዶ ማሽን፣ ከጎንደር የመጡት ሣጥንና የቁልፉ ፖስታ፣ ሌላ ምንም። ተመሳሳዩን የባሪዮስ እትም ይጫኑ፣ ፍላሹ ላይ ባለው ቡትስትራፕ አማካይነት ያለ ካታሎግ ከቴፕ በሚያወጣው መሣሪያ፣ በቢኤክስትራክት፣ የካታሎጉን ደምፕ ከቴፑ ያውጡ፣ ወደ ፖስትግሬስ ይጫኑት፣ ከዚያ የቀረውን ይመልሱ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ የትኛው ፓስወርድ እንደጎደለ፣ የትኛው ኬብል እንደተረሳ በወረቀት ይጻፍና ወረቀቱ ከቴፑ ጋር ወደ ሣጥኑ ይመለስ።