የጀልባ ቤንዚን ከእንግዳ ጋር ያለ ክርክር ለመካፈል

ባሕር ዳር የራሳችሁ ሞተር ጀልባ ኖሯችሁ ወዳጅ ዘመድ ይዛችሁ ዘጌ ወይም ክብራን ገብርኤል ስትሄዱ፣ የቤንዚኑ ሒሳብ ይሉኝታ ይገባበታል። እንግዳው «ስንት ላዋጣ?» ይላል፣ ባለጀልባው በግምት አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ሁለቱም ደስ ሳይላቸው ይለያያሉ።

መላው ቀላል ነው። የጀልባው ታንክ ላይ ከአፉ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ በማርከር መስመር አስምሩ (ቤንዚን ፀሐይ ሲመታው ስለሚያብጥ እስከ አፉ አይሞላም)። ስትነሱ እስከ መስመሩ ሙሉ፣ እንግዶቹም ይዩት። ስትመለሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሊትር ምልክት ካለው ጀሪካን እስከዚያው መስመር መልሳችሁ ሙሉ። የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው። በማደያው ደረሰኝ ዋጋ አባዙት፣ ሞተሩ ዘይት የሚቀላቀልበት ከሆነ የዘይቱን ጨምሩ፣ ከዚያ ራሳችሁንም ቆጥራችሁ በሰው አካፍሉ። ራስን መቁጠሩን አትርሱ፤ እንግዳውን ቅር የማያሰኘው እሱ ነው።

በሰዓት ወይም በርቀት መገመት ጣና ላይ አያዋጣም። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ የሄዳችሁበት መንገድ፣ ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉን እየገፋችሁ ስትመለሱ ብዙ ቤንዚን ይበላል። የሰውና የዕቃ ክብደትም ለውጥ አለው።

አካፋፈሉን ግን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ራሳችሁ «ኑ ልጋብዛችሁ» ያላችሁትን ሰው አታስከፍሉ። በኪራይ ጀልባ ከሆነም ይህ አይሠራም፤ እዚያ ነዳጁን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋውን አስቀድሞ መቁረጥ ይሻላል።