«ልጄ አይቀመጥም»፦ ሐኪም ዘንድ ከመምጣትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜውን መርሳት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጅ «አንድ ዓመት ይቅደም» ብለው ኬጂ አንድ ያስገቡታል። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ አምስት ልትደፍን ተቃርባለች። ኅዳር ላይ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ትኩረት የለውም፣ አይቀመጥም፣ ጽሑፍ አይጨርስም» ተብሎ ይላካል፤ ወላጅ ደንግጦ ይዞት ይመጣል። አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ» ጻፍ የተባለ የሦስት ዓመት ልጅ ተነሥቶ ባይሮጥ ነበር የሚገርመኝ! በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ የሆነ ልጅ «ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት» የመባል ዕድሉ ከታላላቆቹ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እባካችሁ ልጁን ከወር እኩዮቹ ጋር አስተያዩት።

በአንድ ቦታ ፈርዶ መጨረስ። ኤዲኤችዲ ነው ለማለት ችግሩ ቢያንስ 6 ወር የቆየና ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ መሆን አለበት። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚረብሽ ከሆነ መጀመሪያ ክፍሉን እንይ። «ካርቱን ላይ ግን ፈዞ ይቀመጣል» የሚለውም ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ኤዲኤችዲ ያለበትም ልጅ ስክሪን ላይ ይቀመጣል።

ጆሮና እንቅልፍን መዝለል። «ሲጠሩት አይሰማም» ተብሎ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ እውነትም አይሰማም። ጉንፋን ሲመላለስበት ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ኖሯል። ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅም አለ፤ ቶንሲሉ ወይም አዴኖይዱ (ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ) አብጦ እንቅልፍ ያጣል። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ያንቀላፋል፣ ልጅ ግን ይቅበጠበጣል። (እንጥል አስቆራጮች ጋ እንዳትወስዱት!) ደም ማነስም ይታይ። ለጥቂት ሴኮንድ ድርቅ ብሎ ፈዞ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ምርመራውን ግን አያስቀር።

ስኳርን መውቀስ። ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል የሚለውን በጥንቃቄ የተደረጉ ሙከራዎች አላረጋገጡትም። ለጥርሱ ሲሉ ይቀንሱለት።

ቁንጥጫና በርበሬ ማጠን። ልጁ ፍርሃት ይማራል፤ መቀመጥን አይማርም። ጎንበስ ብለው ዓይኑን እያዩ አንድ ነገር ብቻ ይዘዙት። «አትሩጥ» ከማለት «እጄን ይዘህ ሂድ» ይሻላል። ሲያደርገው ደግሞ እዚያው ያመስግኑት፤ ማታ አባቱ ሲመጣ አይደለም። እናቶች «ይኼማ ቀላል ነው» ብለው ይሄዱና በሳምንቱ ደክሟቸው ይመለሳሉ። ያደክማል፣ አውቃለሁ። ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ስድስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን ሳይሆን ይኸው የወላጅ ሥልጠና ነው።

ከውጭ ዘመድ የላከውን የኤዲኤችዲ ክኒን መስጠት። በፍጹም። በዚህ ዕድሜ የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ፣ ነጭናጫ ማድረጉና እንቅልፍ መንሳቱ ይብሳል። ያለ ሐኪም ክትትል አይነካም።

«ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መቀመጥ። መንገድ ላይ ዘሎ የሚገባ፣ በተደጋጋሚ የሚጎዳ፣ ከኬጂ የተባረረ ወይም አፉን ያልፈታ ልጅ ካለዎት ስድስቱን ወር አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።