ከጎንደር ተነሥቶ ጎርጎራን በአንድ ቀን ለመጎብኘት

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ይሞላል፤ ይሁን እንጂ ዕቅዱ ከሐይቁ ነፋስና ከቅዳሴ ሰዓት ጋር ካልተስማማ ግማሹ ቀን በጥበቃ ያልቃል።

በመጀመሪያ የፍስክ ቀን ይምረጡ። ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት ወቅት ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚሄድ፣ በጎርጎራ ያለችውን የጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች ተረጋግቶ ለማየት አይመችም፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም ምሳ ላይ ከመጀመር ይድናሉ። በክረምት መንገዱ የሚያቋርጠው የደምቢያ ዋልካ መሬት ዝናብ ሲጠግብ እግር ስለሚይዝ፣ ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከመነሣትዎ አስቀድሞም የመንገዱን ሰላም በዚያው መስመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ መገኘት ተገቢ ነው፤ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ አይቀርምና። አራት አምስት ሆኖ ለሚሄድ ግን ኮንትራት መያዙ ያዋጣል። መንገዱ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ያልፋል። አዘዞ ላይ የዐፄ ፋሲል አባት ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩባት የገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስላለች፣ የቀኑ ታሪክ ገና ከደጅ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ጎርጎራ እንደደረሱ ቁርስ ሳይረዝም ጀልባ ይያዙ። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚያይል፣ የውኃው ጉዞ መቅደም አለበት። ዋጋውን ሲነጋገሩ ደርሶ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጀልባው ቆሞ የሚጠብቅበትን ጊዜም ያካትቱ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩንም ሳይሳፈሩ ይመልከቱ። እንቦጭ ዳርቻውን ሲሸፍን ጀልባ ዙሪያ ጥምጥም ሊሄድ ስለሚችል፣ ጥቂት ትርፍ ሰዓት ይያዙ።

መድረሻው ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ልሳነ ምድር ላይ ያለው ማርያም ግምብ ነው። ይህ የሱስንዮስ ከተማ ፍርስራሽ ሲሆን፣ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፉት በጎርጎራ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ የተነሣው ደም አፋሳሽ ግጭት እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል እንዲያስረክቡ አድርጓቸዋል፤ ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን አባረው ጎንደርን ቆረቆሩ። ስለዚህ የፋሲል ግንብን እያየ ያደገ ጎንደሬ በኖራ የተያያዘውን ድንጋይና በላዩ የተቀረጹትን የአበባ ቅርጾች ቀረብ ብሎ ቢያይ፣ ሁለቱን ግንቦች በራሱ ዐይን ሊያነጻጽር ይችላል። በእኔ ግምት ከጉዞው ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ግድግዳው ላይ ግን መውጣት አይገባም፤ የተረፈውም በቋፍ ያለ ነው።

ሲመለሱ ከምሳ በፊት ወደ ደብረ ሲና ማርያም ይሂዱ። የመቅደሷ ግድግዳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ያሣለቻቸውም የፋሲል እህት መለኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። መጋረጃውን የሚገልጡት ካህኑ ስለሆኑ በእጅ አይንኩ፣ የካሜራ ብልጭታም ያጥፉ። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶችም ነጠላ ይይዛሉ። በአቅራቢያው ያለው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሴት ስለማያስገባ፣ የተደባለቀ ቡድን አስቀድሞ ይወስን።

ለምሳ ቆሮሶ ጥብስ ይዘዙ፤ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ እስከ አጥንቱ ጥርት ብሎ የተጠበሰውን በአዋዜ መብላት ነው። ክፍያው ሁሉ በጥሬ ብር ስለሚሆን ዝርዝር ይያዙ።

የመመለሻ መኪና የሚነሣበትን ሰዓት ጠዋት ሲወርዱ ከሾፌሩ ይጠይቁ፤ እኔ ግን ከ9 ሰዓት ባያልፉ እላለሁ። መኪና ያመለጠው ሰው በከተማዋ ማደር ይችላል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀው ሪዞርትም አለ፣ ኪስ ከፈቀደ።