የቤት ኮምፒውተር በከተማ ዳርቻ፦ ከመብራት፣ ከአቧራ እና ከፍላሽ ቫይረስ መጠበቂያ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ ወይም ገላን አካባቢ ያለ የቤት ኮምፒውተርን በብዛት የሚያበላሸው የረቀቀ ሰርጎ ገብ አይደለም። የሚያበላሸው ሄዶ የሚመለሰው መብራት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ እና ቅጂ ሳይያዝለት የሚሞት ሃርድ ዲስክ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ለኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ለመጠባበቂያ ቅጂ ያውሉት። ለአንቲቫይረስ መክፈል አያስፈልግዎትም፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር እስከታደሰ ድረስ ለቤት ይበቃል።

መብራት

መስመራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከትራንስፎርመር በራቀ ቤት ግን ሰፈሩ ሁሉ በሚያበስልበት ሰዓት ቮልቱ በጣም ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፒር ያህል ይስባል። ኮምፒውተሩ ከምጣዱ ጋር በአንድ ብሬከር ላይ ከሆነ ምጣዱ በበራና በጠፋ ቁጥር ቮልቱ ስለሚዋዥቅ ሌላ ብሬከር ላይ ባለ ሶኬት ይሰኩት። ይህ ካልተቻለ እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ ኮምፒውተሩን ያጥፉት።

ከመጥፋቱ ይልቅ የሚጎዳው መመለሱ ነው። መብራት ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊገባ፣ ወዲያው ሊጠፋ፣ እንደገና ሊመጣ ይችላል፤ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው። መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሲመለስም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። በዲቫይደሩ ላይ ያለችውን ቀይ ማብሪያ ብቻ ማጥፋት አስተማማኝ አይደለም፤ ብዙዎቹ ርካሽ ዲቫይደሮች አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጡት።

ለአንድ ዴስክቶፕና ሞኒተር 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይበቃል። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ በዚህ መጠን ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው የሚሰጡት። ባትሪው የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሥራዎን ሴቭ አድርገው በሥርዓት ለመዝጋት ይጠቀሙበት እንጂ ሥራ አይቀጥሉበት። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ «ላይን ኢንተራክቲቭ» ወይም «ኤቪአር» የሚል ይፈልጉ። ይህ ዓይነቱ የወረደውን ቮልት ባትሪ ሳይነካ ያስተካክላል፤ «ኦፍላይን» የሚባለው ግን ቮልት በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪ ስለሚዞር እዚህ አካባቢ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የታሸገ ባትሪ ነው፤ ከ2 ወይም 3 ዓመት በኋላ ሲደክም ዩፒኤሱን ሳይጥሉ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ። መድከሙን ለማወቅ በየ3 ወሩ ክፍት ሥራ በሌለበት ሰዓት ዩፒኤሱን ከግድግዳ ይንቀሉት፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው አልቋል። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰኩ፤ ቀለሙን የሚያሞቀው ክፍል በአንዴ ከአቅሙ በላይ ይስባል።

የኮምፒውተሩን ብረት ሲነኩ የሚነዝርዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትርፍ ፍሰቱን ወደ ምድር ሽቦ ነው የሚልከው፤ መውጫ ሲያጣ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስፈትሹ፤ ባለ ሦስት እግር መሰኪያንም ቆርጠው ሁለት እግር አያድርጉ።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከገዙ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ አላቸው። 115 ላይ እንዳለ በእኛ መስመር ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር የኤሌክትሪኩን ገመድ ብቻ ሳይሆን ወደ ራውተሩ የሚገባውንም የስልክ መስመር ይንቀሉ። መብረቅ በመዳብ የስልክ ሽቦም ይገባል፤ ከዚያ በኔትወርክ ገመዱ አልፎ ማዘርቦርድ ይደርሳል።

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት መጥፋቱን ይቋቋማል። ባትሪው አብጦ ታችፓዱን ወይም የታችኛውን ክዳን ከገፋ ግን ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፤ አይብሱት፣ አይጫኑት፣ አውጥተው ያስቀይሩ።

አቧራ

ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ ዳር ያለ ቤት ከኅዳር እስከ ግንቦት አቧራው አያባራም። ከዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ፋኑ በአቧራ የተዘጋ ማሽን እዚህ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ ከባሰም ድንገት ይጠፋል። «ቫይረስ ገብቶበት ነው የተንቀራፈፈው» ከሚባለው ውስጥ የአቧራ የሆነው ብዙ ነው።

በበጋ በየ3 ወሩ እንዲህ ያጽዱት፦

1. አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ።
2. በረንዳ ላይ ያውጡት። የጎን ክዳኑን ከፍተው ሌላ ዕቃ ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት ይንኩ፤ ሰውነትዎ ላይ ያለው ስታቲክ ራም ሊጎዳ ይችላል።
3. የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ወይም በእርሳስ ይዘው በሚነፋ መሣሪያ አቧራውን ያስወጡ። ሳይያዝ ከተነፋ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይሽከረከርና መሽከርከሪያው ይበላሻል። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል፤ የቤት ቫኪዩም ክሊነርም ስታቲክ ስለሚፈጥር አይሆንም።
4. በሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚወስደው ብረት) ክንፎች መካከል የተጋገረውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ።

ካጸዱትም በኋላ ከጋለ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀትን ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ይሆናል። አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ያኑሩ። ሲበዛ በጎን ይፈስሳል እንጂ የተሻለ አያቀዘቅዝም።

ፍላሽ

ሲቪ ለማሳተም የወሰዱት ፍላሽ ሲመለስ ፋይሎቹ ጠፍተው በቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ምልክቶች ብቻ ካገኙ ፋይልዎ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ደብቆ በስሙ ሾርትከት አስቀምጧል፤ ሾርትከቱን ሲከፍቱ ፋይሉ ቢከፈትልዎትም ቫይረሱ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ምንም አይክፈቱ፤ ፎርማት ለማድረግም አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ በዲፌንደር ስካን ያድርጉ። ቀጥሎ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥም «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሱ። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛዋን ስለሚዘል ነው «አልተገኘም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው። የደበዘዙት ፋይሎች ሲታዩ የሚያውቋቸውን ሰነዶችና ፎቶዎች ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ያድርጉ፤ አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጉረው ይገኛሉ። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርገው፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ በዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ይፈትሹት። ይህ ስካን ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚሠራ የተደበቀውን ያገኛል፤ የሚወስደውም 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ሲጨርሱ ያነሱትን ምልክት ይመልሱ።

እንዳይደገም ሁለት ነገር ያስተካክሉ። በሴቲንግስ ውስጥ «አውቶፕሌይ»ን (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን) ያጥፉ። በ«ቪው» ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን ያብሩ፤ ስሙ ፎቶ የሚል ሆኖ መጨረሻው ነጥብ ኢኤክስኢ የሆነ ነገር ፎቶ እንዳልሆነ የሚታይዎት ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርገው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም መላክና ፍላሹን ቤት መተው ነው። በእነሱ ኮምፒውተር ላይ የራስዎን ቴሌግራም አይክፈቱ።

ዊንዶውስ፣ ክራክ እና ዝመና

ክራክ (የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያሠራ) ሲጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ያቺ መመሪያ ብቻ ልታስቆምዎ ይገባል፤ በሩን ከፍተው ማን እንደገባ ማወቅ አይችሉም። ጨዋታውም፣ ቪዲዮ ማቀናበሪያውም፣ የዊንዶውስ አክቲቬተሩም ያው ነው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል፤ አማርኛም በደንብ ይጽፋል።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ) እና በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ማሽንዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አስነስተው ይሞክሩት፤ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ይበቃል፤ ዝመናውም አይቋረጥም።

ብዙ ቤት ዝመናን የሚያጠፋው ጥቅል ይበላል ብሎ ነው። ጭንቀቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ማጥፋት አይደለም። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበት ቀዳዳ በዚያው ዓመት መጋቢት መድፈኛ ወጥቶለት ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። የሞባይል ሆትስፖቱን «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ጥቅሉ የተወሰነ ግንኙነት) አድርገው ያስቀምጡት፤ ዊንዶውስ ትልልቅ ዝመናዎችን ያቆያል። በሳምንት አንድ ቀን የሌሊት ጥቅል ገዝተው ዝመናውን በእጅዎ ያውርዱ። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ካለ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን»ን በቤት ኔትወርክ ላሉ ኮምፒውተሮች ይፍቀዱ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእሱ ይወስዳል።

ለዕለት ሥራና ለልጆች «ስታንዳርድ» አካውንት ይክፈቱ፤ «አድሚኒስትሬተር»ን ለመጫኛ ብቻ ያቆዩት። የራውተሩን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ «ደብሊውፒኤስ» የሚለውንም (ያለ ዋይፋይ የይለፍ ቃል በቁልፍ ወይም በፒን ማገናኛውን) ያጥፉ። በቴሌግራም «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ያብሩ፤ በ«ዲቫይስስ» ስር የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት።

መጠባበቂያ ቅጂ

የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የካርታና የውል ስካን፦ እነዚህ በ3 ቦታ፣ በ2 ዓይነት መሣሪያ፣ 1 ደግሞ ከቤት ውጭ ይኑሩ። ከቤት ውጭ ያለው ዘመድ ቤት የተቀመጠ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ቅጂ የያዘውን ዲስክ እንደጨረሱ ይንቀሉት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ከወሰዱ በኋላም ጥቂት ፋይሎችን ከቅጂው ላይ ከፍተው ይመልከቱ።

«2 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ሲገጥምዎ ይጠንቀቁ። ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ መጠኑን እንዲዋሽ የተደረገ ብዙ አለ። እስኪሞላ ድረስ በደንብ የሚሠራ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው የቀደመውን ይደመስሳል። ምንም ነገር ከማስቀመጥዎ በፊት ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ያስሞሉት፤ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ግን እውነቱን ይነግርዎታል።

የሃርድ ዲስኩን ጤና በየወሩ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ይመልከቱ። ከ«ጉድ» ወደ «ኮሽን» ከተቀየረ፣ በተለይ «ፔንዲንግ ሴክተር» (ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ) ከዜሮ ከፍ ካለ፣ ጥገና ሳይሞክሩ መጀመሪያ ፋይልዎን ያውጡ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ሲሞት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው። ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይልን መሰብሰብ) አያስፈልገውም፤ ከቦታው አንድ አምስተኛውን ያህል ባዶ ይተዉለት።

ሰዓት ሲዛባና ለጥገና ሲሰጡ

ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ፣ 3 ቮልቷ፣ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ስለማይረጋገጥ ባንክም ሆነ ኢሜይል አይከፈትም፤ ዝመናም እምቢ ይላል። ባትሪዋን ቀይረው የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ያድርጉት፤ እኛም በዚያው +3 ነን።

ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ቅጂ ይያዙ፣ ከብራውዘርና ከቴሌግራም ይውጡ። ብልሽቱ የስክሪን ወይም የቻርጀር ከሆነና ዲስኩ የሚፈታ ከሆነ አውጥተው ቤት ያስቀሩት። ላፕቶፑ በ«ቢትሎከር» (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁልፍ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፤ ማዘርቦርዱ ተነክቶ ቁልፉን ሲጠይቅ ከሌለዎት ፋይሉን ማንም አያወጣልዎትም። የራሙን መጠንና የዲስኩን መለያ ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሲረከቡ እዚያው ቆመው «ታስክ ማኔጀር»ን ከፍተው «ፐርፎርማንስ» ስር ራሙን፣ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ የዲስኩን ቁጥር ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ፣ ከዚያ ይክፈሉ።