ካውንስሉ መንገዳችሁን የፓርኪንግ ዞን ሊያደርግ ሲነሳ

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ «ለቤቱ ነዋሪ» ተብሎ ነው የሚመጣው። ስም ስለሌለበት ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይጣላል። እባካችሁ አትጣሉት፤ ካውንስሉ መንገዳችሁን የፓርኪንግ ዞን ላድርገው ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ሊሆን ይችላል። ዞን ማለት በተወሰነ ሰዓት ያለ ፐርሚት (የማቆሚያ ፈቃድ) ወይም ያለ ክፍያ መኪና ማቆም የማይቻልበት ሰፈር ነው።

ሰሜን ለንደን፣ እኛ ሰፈር፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሰዎች ደብዳቤ አነባለሁ። ከቤት ኪራይና ከሐኪም ቀጠሮ ቀጥሎ የሚበዛው የፓርኪንግ ጣጣ ነው። የሚያንገበግበኝ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ምልክቱ ተተክሎ፣ መስመሩ ተቀብቶ፣ ቅጣቱ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ የቀረው ስለ ቅጣቱ መከራከር ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ አልቋል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በነዋሪ አቤቱታ ነው። ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ መንገድ ጠዋት ጠዋት ከሩቅ በሚመጡ ሠራተኞች መኪና ይሞላል። ወይም ጎረቤት መንገድ ዞን ይሆንና እዚያ ይቆም የነበረው መኪና ሁሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል። አቤቱታው ሲበዛ ካውንስሉ መኪና የሚቆጥር ሰው ይልካል።

ሌሊት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቀስ እያለ መኪና ሲቆጥር ካያችሁ አትደንግጡ። በደቡብ ለንደን ያለው ላምቤዝ ካውንስል ያወጣውና ሌሎችም የሚጠቀሙበት የአቆጣጠር ስልት አለ፤ በተለይ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ። ቆጠራው ከሌሊቱ 12:30 እስከ 5:30 ነው (ሰዓቱን ምልክቶቹ ላይ እንደሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ የነዋሪው መኪና ስንት እንደሆነ ያሳያል። ለአንድ መኪና 5 ሜትር ይታሰባል። ከመንገዱ መጋጠሚያ ጥግ 7.5 ሜትር አይቆጠርም፤ እዚያ ማቆም አደጋ ነውና። ቀን የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ታርጋ ይመዘገባል፤ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄደው መኪና በዚያ ይለያል።

የታክሲ ሹፌሮች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት የምትገቡ ከሆነ የሌሊቱ ቆጠራ ውስጥ የላችሁም። ይህን ካውንስሉ የሚያውቀው እናንተ ስትጽፉለት ብቻ ነው።

ከዚያ መጠይቁ ይመጣል። ኮንሰልቴሽን የሚሉት ይህ ነው። ካርታ አለው፣ ጥቂት ጥያቄዎች አሉት፣ የመመለሻ ቀን አለው። ለመመለስ ዜግነት አይጠየቅም፣ የቤት ባለቤት መሆንም አያስፈልግም። ተከራይም ሆናችሁ መኪና የሌላችሁ፣ መልሱ። ብዙ ካውንስሎች ውጤቱን መንገድ በመንገድ ለይተው ነው የሚያዩት። አጭር መንገድ ከሆነ አምስትና ስድስት ቤት ነገሩን ወዲያና ወዲህ ሊገፋው ይችላል። ዝም ያለ ቤት ጎረቤቱ ወስኖለት ያድራል።

«አልፈልግም» ብሎ ብቻ መላክ ብዙም አይጠቅምም። እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፉ፦ «በዚህ መንገድ እኖራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ወደ ጣቢያው የሚሄዱ ሰዎች መኪናቸውን እዚህ ያቆማሉ። ከምሽቱ 7 በኋላና ቅዳሜና እሑድ ግን ቦታ አለ። ስለዚህ ቁጥጥሩ በሥራ ቀን ከ10 እስከ 12 ቢሆን ይበቃል።» ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ባለሙያው ሪፖርቱ ውስጥ የሚያስገባው እንዲህ ያለውን ነው።

«ጎረቤት መንገድ ዞን ከሆነ እናንተስ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ካለ በደንብ አስቡበት። መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ የጎረቤቱ መኪና ሲጎርፍበት ካውንስሉን የሚለምን ሰፈር ብዙ ነው።

እኔ ዞን እደግፋለሁ። የጠዋት መኪና የታመመ ሰው በር ዘግቶ ሲውል አይቻለሁ። ትግሌ ስለ ሰዓቱ ነው። ከመሀል ከተማ ወጣ ባሉ ሰፈሮች፣ ጣቢያ አጠገብ፣ ቀን ላይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ዞን አለ። ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው መኪናውን ቀኑን ሙሉ ትቶ መሄድ ስለማይችል ያቺው ትበቃለች። ቁጥጥሩ ከጠዋት እስከ ምሽት፣ ሰባቱንም ቀን ሲሆን ግን የእኛ ኑሮ ነው የሚነካው።

ለቅሶን ውሰዱ። ሰው የሚመጣው ከሥራ መልስ ነው፤ ቤቱ ሦስት ቀን ባዶ አይሆንም። ቁጥጥሩ 6:30 ላይ ካበቃ ለቀስተኛው በነፃ ያቆማል። እስከ 10 ከሆነ ግን የሐዘን ቤቱ ገዝቶ ለእንግዳ የሚሰጠው የቪዚተር ቫውቸር (የእንግዳ ማቆሚያ ወረቀት) በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ብዙ ካውንስል ደግሞ ለአንድ ቤት በዓመት የሚሸጠው የተወሰነ ነው። የቅዳሜ ማኅበር፣ ክርስትና፣ የእሑድ ቅዳሴም እንደዚሁ። ይህን መጠይቁ ላይ ስትጽፉ አትፈሩ። «በሐዘን ጊዜ በርካታ ዘመድ ማታ ማታ ይመጣል» ማለት በቂ ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴም እንደ ተቋም ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ስንት ሰው በመኪና እንደሚመጣ፣ ስንቱ አዛውንት እንደሆነ፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ።

ካውንስሉ እገፋበታለሁ ካለ ሁለተኛው ዙር ይመጣል፤ ይሄኛው የሕግ ነው። ዞኑን በሕግ የሚያጸና የትራፊክ ትእዛዝ ይረቀቃል። ማስታወቂያው በአካባቢው ጋዜጣና በመንግሥት ይፋ ጋዜጣ በለንደን ጋዜት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የመብራት ምሰሶ ላይም ይለጠፋል። ተቃውሞ ለማቅረብ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣል። በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ምክንያትም ይፈልጋል። መጠይቁን ሞልቻለሁ ብላችሁ አትቀመጡ፤ እንደገና ጻፉ። ለአካባቢያችሁ የካውንስል ተመራጭም ግልባጭ ላኩ። ትእዛዙ «የሙከራ» ከተባለ ነገሩ ይለያል። መጀመሪያ ሥራ ላይ ይውልና ተቃውሞው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይሰበሰባል፤ ሙከራው ከ18 ወር ማለፍ አይችልም።

«ካውንስሉ ገንዘብ ፈልጎ ነው» የሚለውን ሁሌ እሰማለሁ። ሕጉ ይህን አይፈቅድም። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በባርኔት ካውንስል ላይ ፈርዷል። ካውንስሉ የነዋሪ ፐርሚቱን ከ40 ወደ 100 ፓውንድ፣ የእንግዳ ቫውቸሩን ከ1 ወደ 4 ፓውንድ አውጥቶ ነበር። ዳኛዋ ገቢ ለመሰብሰብ ብሎ ዋጋ መጨመር ከሕጉ ዓላማ ውጭ ነው አሉ። የከሰሱት ተራ ነዋሪ ናቸው። ከፓርኪንግ የሚተርፈውም ገንዘብ የሚውልበት በሕግ የተወሰነ ነው፤ አዛውንቶች አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ፍሪደም ፓስ አንዱ ነው።

ዞኑ ከተጀመረ በኋላ መግቢያው ላይ ያለውን ትልቅ ምልክት አንብቡ። ዞኑ ውስጥ ያለ ነጠላ ቢጫ መስመር (በተወሰነ ሰዓት ማቆም የሚከለክለው) አጠገቡ ሌላ ምልክት ከሌለ የሚገዛው በመግቢያው ምልክት ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው። ስታዲየም አጠገብ ከሆናችሁ የጨዋታ ቀን ሰዓት ለብቻው አለ። ቅጣት ከመጣ በ14 ቀን ውስጥ ግማሹን መክፈል ወይም መከራከር ትችላላችሁ፤ ለንደን ውስጥ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሙሉው እስከ 160 ፓውንድ ይደርሳል። ፐርሚት ባለበት ወይም በተከፈለበት ቦታ ሰዓታችሁ ካለቀ በኋላ የ10 ደቂቃ ይቅርታ አለ። ምልክቱንና መስመሩን ፎቶ አንሱ። ካውንስሉ እምቢ ቢላችሁ ገለልተኛው ችሎት በነፃ ያያል።

አዲስ ቤት ለምትከራዩ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ የሚሠሩ ብዙ ሕንፃዎች «ከመኪና ነፃ» በሚል ስምምነት ነው የግንባታ ፈቃድ የሚያገኙት። ያ ማለት ነዋሪው የመንገድ ፐርሚት በጭራሽ አይሰጠውም፤ ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የማቆሚያ ካርድ) ያላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክልከላ ነፃ ናቸው። አከራዩም ኤጀንቱም ላይነግሯችሁ ይችላሉ። አንድ የማውቀው ሹፌር ቁልፍ ተቀብሎ፣ ዕቃ አስገብቶ ነው የሰማው፤ አሁን መኪናውን የሚያቆመው የሃያ ደቂቃ መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው። የካውንስል ቤቶች ግቢ ፐርሚትም መንገድ ላይ አይሠራም፣ የመንገዱም ግቢ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉ አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ ለካውንስሉ የፓርኪንግ ክፍል በኢሜይል ላኩና «ይህ አድራሻ የነዋሪ ፐርሚት ያገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ። በጽሑፍ እስኪመልሱላችሁ ውሉን አትፈርሙ።