ኮርኒስ ላይ ሰማይ ለማየት

እንደ ሴጋ ሆምስታር ያለ በዲስክ የሚሠራ የከዋክብት ፕሮጀክተር ያላችሁ፣ እንዳበራችሁት «ደብዛዛ ነው» ብላችሁ አታስቀምጡት። ዓይን ጨለማን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። መጋረጃ ዝጉ፣ የቲቪዋን ቀይ መብራት ሳይቀር በጨርቅ ሸፍኑ፣ ስልክ አትንኩ።

ከነጭ ኮርኒስ 2 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡትና የሌንሱን ቀለበት በጣም ቀስ እያላችሁ አዙሩ። መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለው እየጠራ ይመጣና እያንዳንዱ ኮከብ የመርፌ ጫፍ ያክላል። እዚያ ላይ አቁሙ! ፍኖተ ሐሊብ (የእኛ ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ) እንደ ስስ ጢስ ተዘርግቶ የሚታየው ያኔ ነው፤ ፍራሽ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙና እዩት።

አረንጓዴ ነጥብ የሚረጩት ርካሽ የሌዘር መብራቶች ግን ለጌጥ ናቸው፤ ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ብትፈልጉ አታገኙባቸውም።